ከወንበሩ ለዩልኝ

ሽማግሌዎቹ እሁድ እንደሚመጡ ከተሰማ ጀምሮ ልብስ ሰፊው ነጋሳ ክር መርፌ ውስጥ መክተት አቃተው። ዓይኑ ደህና ነው፤ የከዳው እጁ ነው። የስንቱን ሙሽራ ሱፍ ሲቆርጥ ንቅንቅ ያላለ እጅ፣ ጋቢ የለበሱ ሰዎች ከሁሩታ ይመጣሉ ሲባል ተንቀጠቀጠ። ልጁ ዘመናይ መርፌውን ተቀብላ ክሩን አስገባችና መለሰችለት።

«አባዬ፣ የምጠየቀው እኔ ነኝ። አንተን ምን ያስፈራሃል?»

«እሱ ነው እንጂ የሚያስፈራኝ» አለ ነጋሳ። «አንቺ ስትጠየቂ ትመልሻለሽ።»

ነገሩን ያልሰማ ሰው በአዳማና በሁሩታ መካከል ከተገኘ፣ ወይ ሬዲዮ የለውም ወይ ጎረቤት የለውም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በከተማው ሬዲዮ የግጥም ፕሮግራም ላይ የአንዲት ሴት ድምፅ ተሰማ። በስልኳ ቀድታ የላከችው ነው፤ ከበስተጀርባው የዶሮ ድምፅ ሳይቀር ይሰማል። የአሰላ መንገድ ሹፌሮች ድምፁን ከፍ አደረጉት። ሁሩታ ወፍጮ ቤት የነበሩ ሴቶች ወፍጮውን አስቆሙ። ሴትየዋ የራሷንም ሆነ የባሏን ስም አልጠራችም። ግን ሁሩታ ውስጥ የስፌት መኪናዋ ጆንያ ለብሳ እህል ቤት የተቀመጠችባት ሚስት ማን ናት? ፀሐይ ሳትጠልቅ ወሬው አማቷ እትዬ ኮከብ ጆሮ ገባ።

እትዬ ኮከብ አልጮኸችም። መጮህ አያስፈልጋትም። «በመጪው ቅዳሜ እዚያው ሬዲዮ ላይ ወጥተሽ ‹ከራሴ የፈጠርኩት ነው› ትያለሽ» አለቻት ዘመናይን። «አለዚያ በዚህ በር የምትገቢው በሽማግሌ ነው።» ዘመናይ ከልጅነቷ ጀምሮ አብሯት የኖረውን መቀስ በነጠላዋ ጠቅልላ በዚያው በር ወጣች። ባሏ ሰብስቤ ማሳ ላይ ከኮምባይነሩ ጋር ነበር። ማታ ሲገባ መሄዷን ነገሩት። አልደወለም።

ሚኒባሱ ዴራን አልፎ ወደ አዳማ ቁልቁል ሲወርድና ሙቀቱ በመስኮት ፊቷን ሲመታት፣ ከሐዘን በፊት የተሰማት ረሃብ ነበር። ሁሩታ እያለች ጠግባ በልታ አታውቅም ነበርና አሁን ገና ነቃባት።

ዘመናይና ሰብስቤ የተዋወቁት በዚህችው የነጋሳ ሱቅ ነው። ለእህቱ ሠርግ ሱፍ ሊያሰፋ መጣ። ረጅም፣ ፀሐይ ያጠቆረው፣ የስንዴ ማሳው ዓይን እስኪደክም የሚዘልቅ የባላባት ልጅ ነው። የዚያን ዕለት ነጋሳን ወገቡን አሞት ስለነበር ልኩን የወሰደችው ዘመናይ ናት። ሜትሩ ብብቱ ሥር ሲደርስ ያ የሚያህል ሰው ኩርምት ብሎ ሳቀ።

«ይቅርታ፣ ይቅርታ። እንደገና ሞክሪ» አለ። እንደገና ሞከረች፣ እንደገና ሳቀ። ጎረቤታቸው ጨርቅ ሻጯ በድሪያ ምን እንደሆነ ለማየት ከሱቋ ወጣች። እሱ ሳቁን ሳይጨርስ፣ ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ፣ «ስምሽ ማን ነው?» አላት።

ከሄደ በኋላ ነጋሳ ልኩ የተጻፈበትን ወረቀት ሲያይ የእጅጌው ልክ የለም። ተቆጣ። ሰውየው ከዚያ ድረስ ለአንድ እጅጌ ሊመላለስ ነው ወይ አለ። «ረሳሁት» አለች ዘመናይ። ሰብስቤ በሁለተኛው ቀን ተመልሶ መጣ፤ እጁን ዘርግቶ ቆመ፤ ከሚያስፈልገው በላይም ቆሞ ቆየ። ነጋሳ «ረሳሁት» ማለቷን አመነ። የእኛ ማመን አለማመን የራሳችን ጉዳይ ነው።

እትዬ ኮከብ «የሰፊ ልጅ ቤቴ አትገባም» ብላ ነበር። ሰብስቤ ከዘመድ ሁሉ ተጣልቶ አገባት። ከሠርጉ ብዙም ሳይቆይ ግን አባቱ ሞተ፣ መሬቱና ትራክተሩ ለእሱ ሆነ፣ ሳሎኑ ራስጌ ላይ ያለው ቆዳ የለበሰ ትልቅ የአባቱ ወንበርም ለእሱ ሆነ። ለቅሶው እንዳበቃ ተቀመጠበት። የተነሳው ሌላ ሰው ነው።

አልመታትም፤ አልሰደባትምም። ለሰው ለማስረዳት የቸገራትም ይኸው ነበር። ምን አደረገሽ ብትባል ምን ትላለች? እሱ ቁርስ ሲበላ፣ ምሳ ሲበላ፣ ማስታጠቢያ ይዛ እስኪጨርስ ትቆማለች። የሚፈልገው ነገር ካለ ፊቱ ቆማ ሳለች ወደ እናቱ ዞሮ «ንገሯት» ይላል። «ሻይ እንድታመጣ ንገሯት።» «እንግዳ እንዳለ ንገሯት።» ስሟን ከጠራ ሰነበተ። አማቷ «የዚህ ቤት ሴት ለሰው አትሰፋም» ብላ የስፌት መኪናዋን፣ የሟች እናቷን የእጅ መኪና፣ ጆንያ አልብሳ ስንዴ መሐል ስታስቀምጣት እሱ ወንበሩ ላይ ሆኖ አየ፣ ምንም አላለም። ዘመናይ ማልቀስ ሲያምራት እህል ቤት እየገባች መኪናዋ አጠገብ ትቀመጥ ነበር። ግጥሙን ያወጣችው እዚያ ነው። ስታወጣው አላለቀሰችም፤ ተናደደች እንጂ። ንዴቱ ከእንባው ይልቅ አሞቃት።

እሁድ ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆነው መጡ። ሰብስቤ ከኋላቸው የአባቱን ከዘራ ይዞ ገባ። ከሱቁ ጀርባ ያለችው የነጋሳ ጠባብ ቤት ጢም አለች። የሽማግሌዎቹ አውራ ኦቦ ምልኬሳ ናቸው፤ በሁሩታ ዙሪያ ደም ያደረቁ፣ የተከበሩ ሰው።

«አካም ጅርታ፣ ነጋሳ?» ሲሉ ሰላምታ ሰጡ።

«ነጋያ፣ ኦቦ ምልኬሳ። ይቀመጡ።»

ዘመናይ መጋረጃው ጀርባ ሆና በስንጥቁ ታያለች። የሰብስቤ ፊት ከስቷል። ላለማየት ወስና ነበር፤ አየችው። እሱ ግን መሬት መሬት ነው የሚያየው። ከዚያ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው አንድ ነገር አወጡና ወለሉ ላይ አኖሩት። ማስታጠቢያው ነው። ያ የሁሩታው ማስታጠቢያ፣ ጠርዙ የተቆለመመው። እትዬ ኮከብ ልካላታለች።

በሰብስቤ ዘመዶች ዘንድ እርቅ የሚታሰረው በውሃ ነው። ያኮረፈች ሚስት ማስታጠቢያውን አንስታ የባሏን እጅ ካስታጠበች፣ ከአንድ ትሪ ይበላሉ፤ ውሃው ከፈሰሰ በኋላ ያለፈ ነገር አይነሳም። እሷ እንድትናገር አይጠበቅም። ለጥያቄው የሚመልሰው አባት ነው፤ የእሷ ድርሻ ውሃውን ማፍሰስ ብቻ ነው።

«እንኳን ሰው ጥርስና ምላስም ይጋጫሉ» አሉ ኦቦ ምልኬሳ። «እኛ ጥፋት ልንቆጥር አልመጣንም፣ ነጋሳ። ልጅህ ሬዲዮ ላይ ወጥታ ግጥሙ ፈጠራ ነው ትበል። ግጥሙ ውስጥ አንድ የሚስቅ ወንድ አለ ይባላል። እሱ ማን እንደሆነ አንጠይቅም። ባሏም አይጠይቅም፤ ቃሉን ሰጥቶናል። ፈጠራ ነው ካለች፣ ሰውየውም አልነበረም ማለት ነው። ከዚያ ውሃ ታምጣ፣ ወደ ቤቷ እንሂድ።»

ዘመናይ መጀመሪያ አልገባትም። የሚስቅ ወንድ? ሌላ ወንድ? ከዚያ ሲገባት ሳቋ መጣ። ለዚህ ነው ያልደወለው። ለዚህ ነው የከሳው። መጋረጃውን ገልጣ ወጣች።

«ግጥሙን ሰምታችሁታል?» አለች።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «ተነግሮናል፣ ልጄ» አሉ ኦቦ ምልኬሳ።

ወደ ሰብስቤ ዞረች። «አንተስ?»

ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ተንቀሳቀሰ። ሁሩታ እያለች እሱን «እርስዎ» ነበር የምትለው፤ አማቷ ያስጀመረቻት ነው። ሰብስቤ ቀና አላለም። ከዘራውን ጨበጠ፣ ፊቱን ወደ ኦቦ ምልኬሳ መለሰ፣ «የሰማሁት ወሬ ይበቃኛል። ንገሯት» አለ።

ነጋሳ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ልጁ ከምታወራው ግማሹ ንዴት ነው ብሎ ያስብ ነበር። አሁን በገዛ ጆሮው ሰማ። ዘመናይ የአባቷን ፊት አየች፤ እዚያ ያየችው ነገር ጉልበቷን አጸናላት።

«እንግዲያው የምትፈርዱበትን ነገር ስሙት» አለች። እጇን አላጣመረችም፣ አንገቷን አልደፋችም። እንደ ሬዲዮው ቀስ ብላ ሳይሆን፣ ሰው ከማሳ ማዶ እንደሚጠራ ድምፅዋን አውጥታ አለችው።

ጎተራው ሙሉ ነው፣ ስንዴው አልጎደለም፣
በዚያ ሰፊ ግቢ የሌለ ነገር የለም፤
በጎቹ ሲቆጠሩ አንዷም አልተረሳች፣
ውሃ ይዛ ስትቆም ሚስትየዋ ከሳች።
በአባቱ ወንበር ላይ ከዘራውን ተክሎ፣
ከፊቱ ለቆምኩት፣ ላከብኝ «ንገሯት» ብሎ፤
መኪናዬ ታስራ ጆንያ ለብሳለች፣
እኔም አጠገቧ፤ ማን ከማን ታንሳለች?

ከኋላዋ የአባቷ ትንፋሽ ይሰማታል። ዓይኗን ሰብስቤ ላይ ተክላ ቀጠለች።

አንድ ሰው አውቅ ነበር፣ ሜትር ሲነካው ሳቂ፣
ሳቁን ሳይጨርሰው የሰው ስም ጠያቂ፤
ከሞተ መቃብሩን ኑና አሳዩልኝ፣
ካለም ያንን ልጅ ከወንበሩ ለዩልኝ።
ከእንግዲህ አልቆምም ማስታጠቢያ ይዤ፣
ሰው አግብቼ ሳለሁ ለወንበር ታዝዤ።

ሰብስቤ ቀና አለ። መጀመሪያ ያየው እሷን አይደለም፤ ነጋሳ አንገት ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር ነው። ከዚያ እሷን አየ። ከለቅሶው ወዲህ እንዲህ አይቷት አያውቅም። የሌላ ሰው ልብስ ለብሶ ሲዞር ከርሞ ድንገት መስታወት ፊት እንደቆመ ሰው ደነገጠ።

«ሰውየው እኔ ነኝ» አለ ድምፁ ሻክሮ። «የሚስቀው። እኔ ነኝ።»

ሽማግሌዎቹ በእፎይታ ተነፈሱ። አንዱ ጭራሽ ጉልበታቸውን መታ አድርገው ሳቁ። «ይኸው ተፈታ» አሉ ኦቦ ምልኬሳ። «ሌላ ወንድ የለም። ተመስገን ነው። በይ ልጄ፣ ሬዲዮውም ይቅር፤ ውሃ አምጪ።»

ማስታጠቢያው ወለሉ ላይ ነው። ሁሉም እጇን ያያል። ሰብስቤም ያያል፤ እሱም ታነሳዋለች ብሎ እየጠበቀ ነው። ለካ ይህን ሁሉ ሰምቶ አሁንም የሚጠብቀው ውሃ ነው።

«ሌላ ወንድ ስለሌለ እናንተ ደስ አላችሁ» አለች። «እኔ ደግሞ ያዘንኩት ለዚሁ ነው። ሌላማ ቢሆን ኖሮ የት እንዳለ አውቄ እረሳው ነበር። እሱን ነው ያጣሁት። አጠገቡ ተኝቼ ነው ያጣሁት። ውሃ አላመጣም፣ ኦቦ ምልኬሳ። ይህን ዕቃ የላከችው ሴት ትምጣና ታንሳው።»

«ሴት ልጅ ለሽማግሌ እንዲህ አትመልስም» አሉ አንደኛው።

«ሲጠይቋት ነው የምትመልሰው። እናንተ መቼ ጠየቃችኋት?» አለች ዘመናይ።

ኦቦ ምልኬሳ አልተቆጡም። ጻድቅ ሰው ናቸው፤ የተባለው እውነት ሲሆን አይከራከሩም። ከዚያ እንደ ደንቡ ወደ አባት ዞሩ። «ነጋሳ፣ አንተ ምን ትላለህ?»

ነጋሳ ከተቀመጠበት ተነሳ። እጁ አሁን አይንቀጠቀጥም። «እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ» አለ። «የሰው ልክ የምወስደው ሰውየው ራሱ ሲቆምልኝ ነው። የዚችን ትዳር ያኔ እኔ በግምት ለካሁት፤ ሀብት አየሁና ይበቃታል አልኩ። ሁለተኛ በግምት አልቆርጥም። እሷ አልመለስም ካለች፣ አልመለስም ነው።»

ወጡ። ሰብስቤ መጨረሻ ነበር፤ ደጃፉ ላይ ቆም አለና ሄደ። ዘመናይ ቀጥ ብላ ቆማ ሸኘችው። በሩ ከተዘጋ በኋላም እንደቆመች ቀረች፤ ዞር ብሎ ቢጠራት ኖሮ ምን ታደርግ እንደነበር እያሰበች። በራሷ በጣም ተናደደች፣ መልሱን ታውቀዋለችና።

ማስታጠቢያውን ይዘውት ሳይሄዱ ቀሩ። ዘመናይ ሱቅ ወስዳ ጠመኔና የክር ጥቅል ማስቀመጫ አደረገችው።

«ወላሂ፣ ከተፈጠረ ጀምሮ ሥራ ያገኘው አሁን ነው» አለች በድሪያ። ወሎ ተወልዳ አዳማ ያደገች ሴት ናት፤ ምላሷ ከመቀስ አያንስም፣ ልቧ ግን ሌላ ነው። የራሷን የስፌት መኪና ለዘመናይ ያዋሰቻት እሷ ናት።

ሥራው በዛ። ከወለንጪቲ ገበያ፣ ከዴራ፣ አንዳንዴም ከዚያው ከሁሩታ ሴቶች ጨርቅ በፌስታል ይዘው ይመጣሉ። ስለ ግጥሙ የሚያነሱ ጥቂቶች ናቸው። አንዲት ጠና ያለች ሴት ግን ቀሚሷን እየለካች ሳለ «አንቺ ነሽ?» አለቻት። ዘመናይ አዎ አለች። ሴትየዋ «የኛ ቤት ወንበር ደግሞ መደገፊያ እንኳ የለውም» አለችና ሁለቱም እስኪያነቡ ሳቁ። የሬዲዮው ሰዎችም ደወሉ። ፈጠራ ነው የሚል ማስተባበያ እንዳለ የሰሙት ነገር ነበር። «ማስተባበያ የለኝም» አለቻቸው። «ሌላ ግጥም ግን አለኝ።»

ይህ ሁሉ መልካም ነው። ግን የአሰላ መስመር ሚኒባስ ረዳት የሁሩታን ስም እየጠራ ባለፈ ቁጥር የእጇ ሥራ ለአፍታ ይቆማል። ይህን በድሪያ አየች።

«ቢመጣስ?» አለቻት አንድ ቀን።

«አይመጣም።»

«ከነወንበሩ ቢመጣስ?»

«ሱቁ አይበቃውም» አለች ዘመናይ፣ ፊቷን ወደ ጨርቁ ደፍታ። በድሪያ ልትስቅ አስባ ነበር፤ የጓደኛዋን የተደፋ አንገት ስታይ ተወችው።

ረቡዕ ጠዋት ነው። የአዳማ ነፋስ አቧራውን እያነሳ የሱቆቹን መጋረጃ ያራግባል። በድሪያ ደጇ ላይ የሰቀለችውን ጨርቅ ስትሰበስብ ድንገት ቆመች።

«ዘመናይ፣ ነይና እዪ።»

ሰብስቤ በገበያው መሐል እየመጣ ነው። ከዘራ አልያዘም። ትከሻው ላይ ጆንያ የለበሰ ነገር ተሸክሟል፤ ጎንበስ ብሎ፣ ላቡ በአገጩ እየተንጠባጠበ። ወዛደሮች እንሸከምልህ ብለው ተከትለውት ነበር፣ አልሰጣቸውም። የሁሩታን ሰዎች የሚያውቁ ነጋዴዎች የባላባቱን ልጅ እያዩ እርስ በርስ ተነካኩ። እሱ ማንንም አላየም። ሱቁ ደረሰ፣ ቀስ ብሎ አወረደው፣ ጆንያውን ገፈፈው። የእናቷ የስፌት መኪና ነው። ከመሳቢያው ውስጥ ስንዴ ወለሉ ላይ ተንጠባጠበ።

«ዘመናይ» አለ።

ስሟን ከአፉ ከሰማች ምን ያህል ጊዜ ሆኗት ይሆን? የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች፣ እንዳይታወቅባት ግን መቀሷን የምታነሳ መሰለች።

«ተቀመጥ» አለው ነጋሳ ወደ ወንበሩ እያመለከተ።

«አይ። እቆማለሁ።»

«እንግዲያው ተናገር» አለች ዘመናይ። «እዚህ ‹ንገሯት› የምትለው ሰው የለህም።»

«እኔም አልነግርልህም» አለች በድሪያ ከበሩ። ወደ ሱቋ ትመለሳለች ብሎ የጠበቀ ካለ በድሪያን አያውቃትም።

ሰብስቤ እጁን የት እንደሚያደርገው አጣ። «አባቴ ሲሞት ሰው ሁሉ ‹ከእንግዲህ ሰውየው አንተ ነህ› አለኝ» አለ። «ሰውየው እንዴት እንደሚኮን የማውቀው እሱን አይቼ ነው። እናቴን በስሟ ሲጠራት ሰምቼ አላውቅም። እኔም የሳቅኩ እንደሆነ፣ አንቺን ያናገርኩ እንደሆነ፣ መሬቱ ከእጄ የሚወጣ መሰለኝ። ዝም ስል ተከበርኩ። ከዚያ በኋላ መውጫው ጠፋኝ። አንቺ ቆመሽ ሳይሽ አፍር ነበር፤ ሳፍር ደግሞ ይበልጥ ዝም እላለሁ። ጥፋቴ ይኼ ነው። ሌላ ሰው አለ ሲሉኝ ያመንኩት፣ እኔን እንዲህ የምትፈልግ ሴት ትኖራለች ብዬ ስላላሰብኩ ነው።»

«ወንበሩስ?» አለች ዘመናይ።

«እናቴ ተቀምጣበታለች። ድሮም የሷ ነበር፤ እኔ ጭኗ ላይ ነው የነበርኩት።»

ነጋሳ ሳሉን የሚስል መስሎ ፊቱን አዞረ። ዘመናይ አልሳቀችም። በዓይኗ ጨምድዳ ይዛዋለች፤ እዚህ ላይ ከለቀቀችው ሁሉም ነገር እንደገና ውሃና ማስታጠቢያ እንደሚሆን ታውቃለች።

«ልትወስደኝ ነው የመጣኸው?»

«አይደለም» አለ። «ኮት ላሰፋ ነው።»

«ኮት አለህ።»

«ሰፋኝ።»

ዘመናይ ከአባቷ አንገት ላይ ሜትሩን ወሰደች። ሰብስቤ ቀጥ ብሎ ቆመ። ትከሻውን ለካች፣ ቁጥሩን ለአባቷ ነገረችው። ወገቡን ለካች፤ እውነትም ከስቷል። ገለባና ላብ ይሸታል፤ ያንን ሽታ ጠልቼዋለሁ ብላ ነበር፣ ሽታው ግን ምንም አላጠፋም። ደረቱን ልትለካ ሜትሩን በብብቱ ሥር ስታሳልፍ ዓይኑን ጨፈነ፣ ከንፈሩን ነከሰ፣ ትንፋሹን ያዘ። ሊያስቆመው ሞከረ። አልቻለም። ሳቁ አመለጠው፤ ትንሽ፣ የዛገ፣ ብዙ ጊዜ ያልተከፈተ በር የሚመስል ሳቅ። ወደ መጨረሻው ሳቅ መሆኑ ቀርቶ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

በዚያች ቅጽበት ዘመናይ ግንባሯን ደረቱ ላይ ብትጥለው የሚከለክላት ሰው አልነበረም፤ በድሪያ እንኳ ዓይኗን ዘወር አድርጋለች። ሜትሩን ሳብ አድርጋ አጠበቀችው።

«ስለሳቅክ አልመለስም» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ስላለቀስክም አልመለስም። ሁሩታ እንግዳ ሆኜ ካልሆነ አልገባም። እዚህ እሰፋለሁ፣ በስሜ እሰፋለሁ። ግጥምም እጽፋለሁ። ቅዳሜ አንድ አለኝ፤ ስላንተ ይሁን ስለ ሌላ ሰው፣ ከሰው አፍ ሳይሆን ራስህ ሰምተህ ታውቃለህ።»

«ራሴ እሰማለሁ» አለ። ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። «ኮቱ መቼ ይደርሳል?»

«እንደ ሰውየው ነው።»

«ማክሰኞ ልምጣ?»

«ፕሮባ የምትለካው ማክሰኞ ነው። ያለ ሽማግሌ ና። ያለ እናትህም።»

ራሱን ነቀነቀ። ባዶውን ጆንያ አጥፎ ብብቱ ሥር ያዘና ወጣ። በገበያው መሐል ትንሽ ከሄደ በኋላ ዞሮ አየ። ዘመናይ የመኪናዋን መሳቢያ አውጥታ ስንዴውን እየጠረገች ነበር፤ ቢያንስ እንደዚያ ለመምሰል ትሞክር ነበር። ከዓይኑ ስትሰወር ነው እንባዋን በክንዷ ያበሰችው። ደስታም አልነበረም፣ ሐዘንም አልነበረም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጣው ቀን የሷ መሆኑን ማወቅ ነበር።

ነጋሳ መነጽሩን አስተካክሎ ወረቀቱን አነበበ። ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ ቁመት። እንደገና አነበበው።

«የእጅጌውን ልክ አልወሰድሽም» አለ።

ዘመናይ መኪናዋን ጠረጴዛው ላይ አውጥታ ክር አስገባች፣ መዘውሩን በእጇ ያዘች።

«አልረሳሁትም፣ አባዬ» አለች። «ያኔም አልረሳሁትም።»